ይድረስ ለጥልጥልያው ጳጳስ

አሰላ፣ ታኅሣሥ 21 ማታ

አባቴ ቅዱስ ደቅስዮስ ሆይ፣

ነገ በዓልህ ነው። የጭላሎ ተራራ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጥርት ብሎ ዋለ፤ እንዲህ ሲሆን ሌሊቱ ውርጭ እንደሚጥል የአሰላ ሰው ያውቃል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል፤ ኮምባይነር በማይደርስበት ተዳፋት ገብሱ ገና በበሬ እየተወቃ ነው። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ምስጋና ልጽፍልህ ብዕር አነሣሁ። ደብዳቤው ለአንተ ይሁን እንጂ የታሸገ አይደለም፤ የፈለገ ያንብበው።

የማመሰግንህ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ አፌን ስላስፈታኸኝ ነው።

ስምህን መጀመሪያ የሰማሁት ከአያቴ አፍ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተአምረ ማርያም ሲነበብ መቋሚያዋን ተደግፋ ቆማ ትሰማለች፤ ጉልበቷ ቢያማትም አትቀመጥም። ቤት ስትገባ ነጠላዋን አጣጥፋ ታስቀምጥና ገብስ እያመሰች የሰማችውን ለእኛ ለልጆቹ በአማርኛ ትተርክልናለች። ከሁሉ የሚቀድመው ያንተ ታሪክ ነበር። ያንተው ታሪክ ቢሆንም እሷ እንደምትነግረን አድርጌ ልድገምልህ።

ጥልጥልያ በሚባል አገር ደቅስዮስ የሚባል ጳጳስ ነበረ። እመቤታችንን ከመውደዱ የተነሣ ተአምሯን ሰብስቦ በመጽሐፍ ጻፈ። የብሥራቷ በዓል መጋቢት 29 ከጾሙና ከፋሲካው ሰሞን ጋር እየተደራረበ እንደ ልብ አልከበር ቢለው፣ ከገና አንድ ሳምንት አስቀድሞ ታኅሣሥ 22 ቀን እንዲከበር አደረገ። እመቤታችን ተገለጠችለት፤ ልብስና ወንበር ሰጠችው። ከእሱ በቀር ማንም እንዳይለብሰው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት አዘዘች። እሱ ሲያርፍ የተተካው ጳጳስ ግን «እሱም ጳጳስ፣ እኔም ጳጳስ» አለና ልብሱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ወዲያው ወድቆ ሞተ። እዚህ ላይ አያቴ ማመሷን ታቆማለች። ምጣዱ ላይ ገብሱ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል።

ካንድ ግንድ የተጠረበች፣ መቀመጫዋ ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰች በርጩማ ነበረቻት። ከእኛ አንዱ ቢቀመጥባት «ተነሥ፣ የደቅስዮስ ወንበር ናት!» ትለዋለች። እንደ ቀስት ተስፈንጥረን ነበር የምንነሣው።

በእኛ ከተማ ልጅ ቋንቋን የሚለምደው በበዓል ነው። የጎረቤታችን ባልቴት የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፣ አኮ እንላቸዋለን። ለኢድና ለአረፋ ሥጋው ለእኛ እንደማይሆን ስለሚያውቁ ወተትና ቅቤ ይልኩልናል፤ እኛም ለገና ድፎ ዳቦ እንወስድላቸዋለን። አያና ማለት በዓል እንደሆነ፣ ዋቃ ማለት ፈጣሪ እንደሆነ ያወቅኩት በእሳቸው ደጃፍ ነው። ዱዓ የሚለውንም ከዚያው ነው የያዝኩት። ከቤተክርስቲያን ግዕዙ፣ ከመስጊድ ዐረብኛው፣ ከደጅ ኦሮምኛው፣ ከምድጃው ዳር አማርኛው፤ በአራት ቋንቋ እግዚአብሔርን ሲጠሩ እየሰማሁ ማደጌ ኋላ ምን እንደሚጠቅመኝ አላወቅኩም ነበር።

ወደ ስፔን የወሰደኝ ሩጫ ነው። ሯጩ ኃይሌ የተወለደው እዚሁ አሰላ ነው፤ በቆጂ ደግሞ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያወጣች ናት፤ እዚህ ያደገ ልጅ ጫማ ሲያገኝ መሮጡ አይቀርም። እኔም ሮጥኩ። የወሰደኝ ሰው ግን ሁለት አገር አቋራጭ ውድድር ካሮጠኝ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ስለ እሱ ሌላ ቃል አልጨምርም። ያገር ልጅ ፈልጎ ርካሽ ክፍል አገኘልኝ፤ ክፍሉ ከማድሪድ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ታኾ የሚባል ወንዝ በሦስት ወገን በከበበው ኮረብታ ላይ በተሠራች አሮጌ ከተማ ውስጥ ነበር። ከተማዋ ቶሌዶ ትባላለች። ስሟ ለእኔ ያኔ ምንም አልነበረም።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ነበሩ። እኔ ስፓኒሽ አላውቅም፣ እሳቸው ከስፓኒሽ ሌላ አያውቁም። ክብ ጠረጴዛቸውን እስከ መሬት በሚደርስ ወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ከሥሩ ማሞቂያ ያስቀምጣሉ፤ እግራችንን ከጨርቁ ሥር አስገብተን ዝም ብለን እንቀመጣለን። የቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ገዝቼ ነበር። የባቡር ትኬት እንዴት እንደሚቆረጥ ያስተምራል፤ ከአንዲት አሮጊት ጋር እንዴት አብረው እንደሚያመሹ ግን አያስተምርም።

የገና ጾም ገባ። አንድ ማለዳ እንቁላልና ወተት አቀረቡልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ያመመኝ መስሏቸው ግንባሬን ዳሰሱ። ከግድግዳቸው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ወደ እሷ ጠቆምኩና አፌን በእጄ ከደንኩ። ፊታቸው በራ። «አዩኖ!» አሉ። ጾም ማለት ነው። ከዚያ ሳህኑን ነካ አድርገው «ዴሳዩኖ» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ደግሞ እያለያዩ። ገባኝ። ስፔኖች ቁርስን የሚጠሩት ጾም መፍቻ ብለው ነው። መጾም ለተወውም፣ ጾም ምን እንደሆነ ለማያውቀውም፣ ቃሉ በየማለዳው ከቡናው ጋር ይቀርብለታል። ያን ቀን ሽምብራ ቀቀሉልኝ። እኔም የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ «እኔ፣ አዩኖ፣ አርባ ሦስት ቀን።»

ከዚያ በኋላ በራችን ያ ሆነ። ስለ ባቡርና ስለ ገበያ መነጋገር ያቃተን ሁለት ሰዎች ስለ በዓልና ስለ ጾም ስንሆን ያለ ችግር እንግባባለን። ኦቢስፖ ሲሉኝ ኤጲስ ቆጶስ ውስጥ ያለው ያው የግሪኩ ቃል መሆኑን ጆሮዬ ነገረኝ። ዲያኮኖ ለማንም ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻውም። ሚላግሮ ተአምር ነው፤ በአገራቸው ሚላግሮስ የምትባል ሴት ሞልታለች፤ በእኛ አገር ተአምር የምትባል እንዳለችው። አሱንስዮን የምትባል ጎረቤት እንዳላቸው ሲነግሩኝና ትርጉሙን ወደ ሰማይ እያሳዩ ሲያስረዱኝ፣ እኛ ቤት አጠገብ ፍልሰታ የምትባል ልጅ እንዳለች ነገርኳቸው። ከሁሉ ያስደሰተኝ ቢስፔራስ ነው። የበዓል ዋዜማውን ይሉታል፤ ማታ የሚደርሰውን ጸሎትም ይሉታል። ዋዜማ በእኛም እንዲሁ ሁለቱን ነው። የእኛ ደብተራ ዋዜማ ሲቆም፣ የእነሱ ካህን ቢስፔራስ ሲያደርስ፣ ፀሐይ የምትጠልቀው በዚያው የበዓል ደጃፍ ላይ ነው።

አንተን ግን ገና አላገኘሁህም ነበር። አጠገቤ ሆነህ ሦስት ጊዜ ስምህ ተጠራ፤ ሁለቱን ጊዜ ግን አላወቅኩህም።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 13። አከራዬ ከማለዳ ጀምረው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ልጆች ቆመው የገና ሎተሪ ዕጣ ቁጥር እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ሰዓታት በሚፈጅ አንድ ዓይነት ዜማ። ልጆቹ የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንደሆኑ ነገሩኝ። ጆሮዬ ስሙን አሳለፈው። የቆሎ ተማሪዎች መስለውኝ አገሬ ትዝ አለኝና ያን ብቻ አሰብኩ።

ሁለተኛው በእነሱ ዓመት የመጨረሻዋ ምሽት ነው። በማድሪድ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በየዓመቱ በዚያ ማታ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ውድድሩ ሳን ሲልቬስትሬ ባዬካና ይባላል። ሲልቬስትሬ ቅዱስ ነው፤ የኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 ሲደረግ የሮም ጳጳስ የነበረ፣ በዓሉ በዚያ ቀን የሚውል። ከሕዝቡ ጋር ልሮጥ ተመዘገብኩ። መነሻው አሰላ ሻይ ቤት ውስጥ ሕፃን የሚያውቀው የሪያል ማድሪድ ስታዲየም ዘንድ ነው። አከራዬ ባስተማሩኝ ዓይን የስታዲየሙን ስም ሳነበው ሳንቲያጎ ማለት ቅዱስ ያዕቆብ ሆነ፣ በርናቤው ደግሞ በርናባስ። ስንት ዓመት በኳስ ምክንያት ሐዋርያትን ስንጠራ ኖረናል! ሮጬ ስጨርስ ላቤ ሳይደርቅ ወደ ቤት ደወልኩ። አያቴ ሩጫውን አልጠየቀችኝም። «ዛሬ እኮ ደቅስዮስ ነው፤ ረሳኸው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእነሱ ታኅሣሥ 31 የእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። አፈርኩ።

ሦስተኛው ጥር 15 ነው። እኛ ቂርቆስን እናከብራለን፤ ቶሌዶ ግን የከተማዋን ጠባቂ ሳን ኢልዴፎንሶን ታከብራለች። አከራዬ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ክንዴን ይዘው ወደ ካቴድራሉ ወሰዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1226 መሠረቱ የተጣለ፣ አንገት እስኪቆለመም ቀና ብለው የሚያዩት ሕንጻ ነው። ከትልቁ በር በላይ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። አንዲት ሴት ለተንበረከከ ጳጳስ ልብስ ታለብሳለች።

አከራዬ ቆም ብለው በጣታቸው እያሳዩ፣ እኔ የማውቃቸውን ቃላት ብቻ እየመረጡ ነገሩኝ። ይህ ኦቢስፖ ነው። ሊብሮ፣ መጽሐፍ፣ ጻፈ፣ ስለ ድንግል። አንድ ሌሊት ወደ ቤተክርስቲያን ሲገባ ብርሃን ሞልቶ አገኘ፤ ሌሎቹ ሸሹ። እመቤታችን በጳጳሱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ካሱያ ሰጠችው። ካሱያ ማለት፣ አሉና የካፖርታቸውን ጫፍ ዘረጉት፤ ቄስ ሲቀድስ ከላይ የሚደርበው።

ጉልበቴ ራደ። እሳቸው ሳይጨርሱ በተሰባበረ ስፓኒሽ ቀጠልኩላቸው፤ ጳጳሱ ሞተ። ሌላ ኦቢስፖ መጣ። ካሱያውን ለበሰ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወደቀ፤ ሞተ።

ክንዴን ለቀቁት። «ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ሚ አቡዌላ» አልኩ። አያቴ።

አባቴ፣ ጥልጥልያ ቶሌዶ ናት። አንተም እዚያ ኢልዴፎንሶ ነህ። ሳላውቅ አገርህ ከርሜያለሁ፤ ውሃህን ጠጥቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓለም ላይ የሌለች፣ ለተአምር ብቻ የተፈጠረች የምትመስለኝ አገር ዳቦ ቤት አላት፣ አውቶቡስ ይቆምባታል፣ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። በሰው አገር ያለሁ መስሎኝ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በማውቀው ታሪክ ውስጥ ነበር የምኖረው።

ውስጥ ገባን። ከአንድ ምሰሶ ጋር በተያያዘች ትንሽ ጸሎት ቤት፣ እመቤታችን ስትወርድ እግሯ ያረፈበት የሚባለው ድንጋይ ፍርግርግ ብረት ተበጅቶለት ይታያል። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ጣቱን ያስገባና ይነካዋል፤ ከዚያ ጣቱን ይስማል። የእኛ እናቶች የቤተክርስቲያን በር እንደሚሳለሙት ነው። ተራዬ ደርሶ ጣቴን አስገባሁ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከመዳሰስ ብዛትም እንደ አያቴ በርጩማ ልስልስ ብሏል። ስንወጣ አከራዬ ካቴድራል የሚባለው ካቴድራ ስላለበት ነው አሉኝ፤ የጳጳሱ ወንበር። አዲስ አበባ ያለው መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ትዝ አለኝ። መንበርም ወንበር፣ ካቴድራልም ወንበር፤ አንዱ በግዕዝ፣ አንዱ በግሪክ። ያንን ሁሉ ቃል የተሸከመው ያንተ መቀመጫ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንተ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። ሊቀ ጳጳስ የሆንከው እ.ኤ.አ. በ657 ነው፣ ያረፍከው በ667። የእመቤታችንን ድንግልና የመሰከርክበት መጽሐፍህ ዛሬም አለ። አንተ ከመሾምህ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ656፣ ቶሌዶ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ የእመቤታችንን በዓል ከገና ሳምንት አስቀድሞ ታኅሣሥ 18 አደረገው፤ ምክንያቱም የመጋቢቱ በዓል ከጾምና ከፋሲካ ጋር ይጋጫል የሚል ነበር። አያቴ ቃል በቃል ይኸን ነው የነገረችኝ! የእነሱ ታኅሣሥ 18 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር የእኛ ታኅሣሥ 22 ነው። ስፔኖች ያን በዓል የኦ እመቤት ይሉታል፤ በዋዜማው ሰሞን የሚዘመሩት ምልጣኖች «ኦ» እያሉ ስለሚጀምሩ። በግዕዝም «ኦ» ማለት «ሆይ» ማለት ነው። እኔም ደብዳቤዬን በእሱ ጀመርኩ።

በስፔን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የእመቤታችንን ተአምራት በግጥም የጻፈው ጎንሳሎ ዴ ቤርሴዮ የመጀመሪያው ያደረገው ያንተን ካሱያ ነው። በእኛም የመጀመሪያው አንተ ነህ። ተአምርህ ከአውሮፓ ተነሥቶ ዐረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዘንድ ደረሰ፤ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በየቤተክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። ኢልዴፎንሶ የሚለው ስም በዚያ ሁሉ አፍ ውስጥ ሲያልፍ ደቅስዮስ ሆነ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ መንገዱን ተከትሎታል። እኔ ግን ከመጻሕፍቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ያን ያህል አገርና ዘመን አቋርጠህ አሰላ ምጣድ ዳር መድረስህ ነው።

ማታውኑ ለአያቴ ደወልኩ። «ጥልጥልያ ነው ያለሁት» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ወንበሩን አየኸው?» አለችኝ።

ወንበሩን እንዳላየሁ፣ ድንጋዩን ግን በጣቴ እንደነካሁት ነገርኳት።

«እንግዲያ እጅህን ይዘህልኝ ና» አለች።

ይዤላት መጣሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስገባ ሳትጠይቀኝ ቀኝ እጄን ያዘች። አመልካች ጣቴን ለይታ ሳመችና ዓይኗ ላይ አደረገችው፤ አንዱ ላይ፣ ከዚያ ሌላው ላይ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ነገር ግን ምስጋናዬ እዚህ አያበቃም፤ ያንተ ነገር ከእኔ አልፏል።

አሁን ማታ ማታ ወደ ቫሌንሲያና ወደ ሌሎች ከተሞች ለውድድር ለሚዘጋጁ ልጆች ስፓኒሽ አስተምራለሁ። ጠዋት ሮጠው የመጡ ናቸው፤ ደክሟቸው ደብተራቸው ላይ ያንቀላፋሉ። በባቡር ትኬት አልጀምርላቸውም። የተወለዱበትን ቀን እጠይቃቸውና በዚያ ቀን በስፔን ማን እንደሚከበር አወጣላቸዋለሁ፤ እዚያ አገር ሰው ከልደቱ ሌላ የስሙ ቅዱስ ቀን አለውና። ከሙስሊም ቤት የመጣች አንዲት ልጅ ግን ጥጓ ላይ ተቀምጣ «ለእኔስ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ ቶሌዶ መለሰችልኝ። በካቴድራሉ ዛሬም ድረስ ሞሳራቤ በሚባል ጥንታዊ ሥርዓት ይቀደሳል፤ ቃሉ ከዐረብኛ ነው፣ በሙስሊሞች አገዛዝ ሥር ኖረው እንደ ዐረብ የሆኑትን ክርስቲያኖች ያመለክታል። የእነዚያ ዘመናት ዐረብኛ በስፓኒሽ ውስጥ እንደ ተዘራ እህል በቅሏል። ስፔናዊ ሁሉ፣ ቄሱም ሳይቀር፣ አንድን ነገር አጥብቆ ሲመኝ «ኦኻላ» ይላል። ይህን ነገርኳትና ቃሉን ቀስ ብላ እንድትለው ጠየቅኳት።

«ኦ... ኻ... ላ» አለች። ደግማ አለችው። ሦስተኛው ላይ ቀና አለች። «አላህ አለበት» አለችኝ።

አለበት። አላህ ቢፈቅድ ማለት ነው። ያን ማታ ከሁሉ ቀድማ አፏን የፈታችው እሷ ሆነች፤ አሁን በየዓረፍተ ነገሩ ኦኻላ ሳትል አታልፍም። በሚቀጥለው ዓመት ትሄዳለች። ኦኻላ።

አባቴ፣ መሽቷል። እሳቱ ወደ ፍም ተመልሷል፣ ከውጭ የውሻ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ነገ ተአምርህ ሲነበብ አያቴ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ከሴቶቹ በር ጀርባ ከውጭ ሆኜ፣ ቆሜ እሰማለሁ። በርጩማዋ እዚሁ አጠገቤ ናት። ወንድሞቼ ቤቱን ሲያድሱ ብዙ ዕቃ ጣሉ፤ እሷን ማንም አልነካም፣ ማንም አልተቀመጠባትም። ደብዳቤውን አጥፌ እላይዋ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ልጅህ፣
ከአሰላ